ምጣድ ሲሰካ የጠፋው ሞተር

አገር ቤት በጋራ ግቢ ውስጥ የኖራችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አንዷ ጎረቤት እንጀራ ልትጋግር ምጣዷን ትሰካለች። የግቢው አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ብሎ ይመለሳል፣ ከአንዱ ቤት «ማነው ምጣድ የሰካው?» የሚል ድምፅ ይወጣል። መብራቱ አልጠፋም፤ ኃይሉ ለአፍታ ወረደ እንጂ። ለአምፖል ይህ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ቀልቶ ይመለሳል። አሁን በምትሠሩበት ቤት ኩሽና ውስጥ ያለው ማይክሮዌቭ ግን እንደ አምፖሉ አይደለም። ኃይሉ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከተቋረጠበት ሰዓቱን ይረሳል፤ ሰው መጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል።

በአምፖሉና በማይክሮዌቩ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ያዙልን። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተርና ሞተሩን ስለሚያዘው ኤሌክትሪክ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለን። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜም ሆነ ከዚያ በላይ ቆይታችሁ ወደ አገር ስትገቡ ነፍሳችሁን አደራ የምትሰጡት ለሞተር ነው፤ የዘመኑ ሞተር ደግሞ የሚታዘዘው ለኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ለእናንተ ይበልጥ ይቀርባል። ዕቃ ሲበላሽ «መጨረሻ የነካው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከማንም በፊት የሚደርሰው እናንተ ዘንድ ነው። በአውሮፕላኑም ዓለም የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሱው ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2007 በጀርመን ሽፓየር ከተማ ባለች አነስተኛ አየር ማረፊያ አንዲት ዲኤ42 የተባለች ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለመነሣት ተዘጋጀች። አውሮፕላኗን የሠራው ዳይመንድ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ነው፤ ሞተሮቿን የሠራው ደግሞ ቲለርት የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነበር። ባትሪዋ ደክሞ ነበር። መኪና ባትሪው ሲሞት ከሌላ መኪና ኬብል ስቦ እንደሚነሣ፣ አውሮፕላንም መሬት ላይ ካለ የኃይል ምንጭ ገመድ ተስቦለት ሊነሣ ይችላል። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ሞተሮች ተነሡ፤ ገመዱ ተነቀለ። ሁለቱም ደህና ይሠሩ ነበር። አውሮፕላኗ ተንደርድራ ከመሬት ለቀቀች።

አብራሪው ጎማውን ለማጠፍ ማንሻውን ሳበ። የዲኤ42ን ጎማ የሚያጥፈው በኤሌክትሪክ የሚዞር ፓምፕ ነው፤ ፓምፑም በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል። በእኛ ቋንቋ፣ ምጣድ ተሰካ። በአውሮፕላኗ ውስጥ ያለው ኃይል ለአፍታ ወረደ፤ የሁለቱም ሞተሮች ኮምፒውተሮች እንደ ማይክሮዌቩ ሰዓት ጠፍተው እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያዘው የለም። ሁለቱ ሞተሮች በአንድ ጊዜ ኃይል አጡ፤ ፕሮፔለሮቹም ስለታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው አየር መግፋት አቆሙ። ከፍታው ገና ትንሽ ስለነበር ዞሮ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። አውሮፕላኗ ፊት ለፊት ባለው መሬት ላይ ወረደች፤ ክፉኛ ተጎዳች። ደግነቱ ማንም አልሞተም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንጠይቅ። ሁለት ሞተር የሚገጠመው ለምንድን ነው? አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲያደርስ ነው። ለዚህ ሲባል ሰው ሁለት እጥፍ ይከፍላል፣ ሁለት እጥፍ ያስጠግናል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የቲለርት ሞተር ሁለት ሁለት ኮምፒውተር ነበረው፤ «ሀ» ቢታመም «ለ» እንዲተካው። ስለዚህ በዚያች ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ አራት አንጎል ነበር ማለት ነው። አራቱም በአንድ ቅጽበት ራሳቸውን ሳቱ፤ ምክንያቱም የሚጠጡት ከተያያዘ አንድ የኃይል መስመር ነበር። አራት አንጎል፣ አንድ ጉሮሮ።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የድሮው የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ከባትሪ ጋር ያለው ዝምድና የሚያልቀው በተነሣበት ደቂቃ ነው። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ባበረሯት አውሮፕላን ላይ ባትሪ ጭራሽ አልነበረም። ሞተሩን ለማስነሣት የተጠቀሙበት ደረቅ ባትሪ መሬት ላይ ቀርቷል፤ አየር ላይ ብልጭታውን ይሰጥ የነበረው ከሞተሩ ጋር የሚዞር ማግኔቶ ነው። ማግኔቶ ማለት ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ እየዞረ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭበት ዕቃ ነው። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ብልጭታ አለ፤ ብልጭታ እስካለ ድረስ ሞተሩ ይዞራል። የሚለምነው ጎረቤት የለውም።

ዛሬም የአብራሪ ተማሪዎች በየአገሩ የሚማሩባት ሴስና 172 በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው የምትሠራው። ሞተሯ ሁለት ማግኔቶ አለው፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሁለት ካንዴላ አለው። ባትሪው ቢሞት፣ መካኒኮች ዲናሞ የሚሉት ኃይል አመንጪ ቢቃጠል፣ ሬዲዮው ዝም ይላል፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ሞተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ቁልፉን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዙሮ ሁለቱ ማግኔቶዎች ለየብቻቸው እንደሚሠሩ በጆሮው ይሰማል። አንዱ ሲዘጋ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሲከፈት ይመለሳል።

የናፍጣ ሞተርም ድሮ እንዲሁ ነበር። በአገራችን መንገድ ላይ ሞተሪኖው የተበላሸ አሮጌ አይሱዙ ሰዎች ተሰብስበው ሲገፉት አይታችኋል። ቁልቁለት ካገኘ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ባትሪ አውጥታችሁ ብትጥሉበት እንኳ ያለ መብራት መንገዱን ይቀጥላል። ነዳጁን የሚረጨው ፓምፕ ከሞተሩ ጋር በጥርስ ተያይዞ የሚዞር ብረት ነበርና።

ታዲያ ሰው ከዚህ ጠንካራ ነገር ለምን ወጣ? ሞኝነት አይደለም። ማግኔቶ ጠንካራ ቢሆንም ግትር ነው፤ ብልጭታውን የሚሰጠው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ፣ ከፍታው ይብዛ ይነስ ግድ የለውም። የአየርና የነዳጁን ልክ ደግሞ አብራሪው በእጁ ነው የሚያስተካክለው። በአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ላይ ለአንድ ሞተር ብቻ ሦስት ማንሻ አለ፤ አንዱ ለኃይል፣ አንዱ ለነዳጅ ልክ፣ አንዱ ለፕሮፔለር። ሞተር ሁለት ሲሆን ማንሻው ስድስት ይሆናል። ደመና ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሬዲዮ እየተናገሩ ስድስት ማንሻ ማስታወስ ለሰው ከባድ ነው፤ በዚህ ስህተት ሰው ሞቷል። የድሮው ሞተር የሚጠጣውም ብዙዎቹ አገሮች ከመኪና ያስወጡትን እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ወሰደው። ባለሙያዎቹ ፋዴክ ይሉታል። አብራሪው የሚያንቀሳቅሰው አንድ ማንሻ ብቻ ነው፤ «ይህን ያህል ኃይል እፈልጋለሁ» ይላል፣ የቀረውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል። ልብስ በእጅ ከማጠብና የማጠቢያ ማሽን ቁልፍ ከማዞር ጋር አስተያዩት። በእጅ ስታጥቡ የውኃውንም የሳሙናውንም ልክ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ማሽኑ ግን ራሱ ይመዝናል፣ ራሱ ውኃ ይቀዳል፣ ራሱ ያሞቃል። ወገብ ያድናል። ነገር ግን ኃይል ሲቋረጥ በሩ ተቆልፎ፣ ልብሱ በውኃ ውስጥ ሆኖ፣ ማሽኑ ዝም ይላል። ባልዲ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

የዲኤ42 ሞተር መሠረቱ የመርሴዲስ ቤንዝ ኤ ክላስ የቤት መኪና የናፍጣ ሞተር ነው። ቲለርት ያንን ወስዶ ለአውሮፕላን አበጀው፤ 135 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በትልልቆቹ ጄቶች ነዳጅ የሚሠራና ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር ወጣው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ዲኤ42 ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነሥታ ያለ ማረፍ ፖርቱጋል ገብታለች። ለትንሽ አውሮፕላን ድንቅ ነው። ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩት አፎች ግን የሚከፈቱት በኤሌክትሪክ ነው፤ መቼ እንደሚከፈቱ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ኤሌክትሪክ የለም ማለት ነዳጅ የለም ማለት ነው፤ ታንኩ ሙሉ ቢሆንም።

ወደ ሽፓየር እንመለስ። ከአደጋው በኋላ ጣት መቀሳሰሩ ወዲያው ጀመረ። አውሮፕላን ሠሪው መመሪያ መጽሐፉን አነሣ። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ከውጭ በተሳበ ገመድ የሚነሣው አንድ ሞተር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መነሣት ያለበት በአውሮፕላኗ በራሷ ኃይል ነው፣ ካልተነሣ በረራ የለም። አብራሪው ሁለቱንም በገመድ አስነሥቷል። ሞተር ሠሪው ደግሞ ወደ አውሮፕላኗ የኤሌክትሪክ አሠራር ጠቆመ፤ ኮምፒውተሮቹ የጠፉት የሚገባቸው ኃይል ስላልደረሳቸው ነው አለ። እርግጥ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበረበት። ግን ሁለቱም የተናገሩት ጣት ከራሳቸው ላይ እንዲነሣ ነው፤ መጽሐፉ ሲነሣ ደግሞ ጣቱ የሚያርፈው መጨረሻ ማንሻውን በሳበው እጅ ላይ ነው።

የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም ግልጽ ነው። አብራሪው መመሪያውን መተላለፉ ጥፋት ነው፤ አንክድም። መጽሐፉን ማንበብ የእሱ ሥራ ነበር። ነገር ግን መሬት ላይ የተፈጸመ አንድ ስህተት፣ ሁለቱም ሞተሮች ደህና ሲዞሩ እየታየ፣ ሰው አየር ላይ ከወጣ በኋላ አድፍጦ ሁለቱን በአንዴ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ችግሩ የአንድ ሰው አለመጠንቀቅ ብቻ አይደለም። ባትሪ ሊደክም እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ ባትሪ የሚደክም ነገር ነው። ጎማ እንደሚታጠፍም ሁሉም ያውቃል፤ በእያንዳንዱ በረራ ይታጠፋል። ሁለቱ አንድ ቀን እንደሚገናኙ ወረቀት ላይ መቁጠር የሚችለው አብራሪው አይደለም፤ ሥዕሉን የሣለው መሐንዲስና «ይሁን» ብሎ የፈረመለት ተቆጣጣሪ ነው።

ስለ መመሪያውም አንድ ቃል። «ሁለተኛውን ሞተር በራስ ኃይል አስነሣ» የሚለው ትእዛዝ ውስጡን ስታዩት ፈተና ነው። የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት ከባድ ነው፤ ባትሪው ያንን ማዞር ከቻለ ጎማ ሲታጠፍም አይከዳም፣ ካልቻለ ደግሞ አየር ላይ አትመኑት ማለት ነው። በደከመ ባትሪ መብረር ለምን እንደሚያስፈራ የሚገባን ደግሞ የባትሪን ሁለተኛ ሥራ ስናውቅ ነው። ባትሪ ሞተር ማስነሻ ብቻ አይደለም። ዲናሞው ድንገተኛ ጥያቄ ሲመጣበት እስኪደርስ ድረስ ያችን ቅጽበት የሚሞላው እሱ ነው፤ የግቢ የውኃ ሮቶ በሉት፣ ቧንቧው ሲቀጥን ከእሱ ይቀዳል። የሞተ ባትሪ ግን ሮቶው ባዶ ነው፤ እንዲያውም ራሱ እየተሞላ ስለሆነ ከቧንቧው ላይ ይሻማል። ይህን ምክንያት የሚያውቅ አብራሪ በዚያ ባትሪ የሚነሣ አይመስለንም። «አታድርግ» ብቻ የተባለ ሰው ግን፣ ሲቸኩል፣ ሞተሮቹም ሲዞሩ ሲያይ፣ «ተነሥቷል እኮ፣ ምን ቀረ?» ይላል። እናንተም ብትሆኑ «ይህን ከዚያ ጋር አትሰኪ» ከተባላችሁት ነገር ውስጥ ምክንያቱ የተነገራችሁ ስንቱ ነው?

ይህን የምንለው የአብራሪ ጠበቃ ለመሆን አይደለም። መጨረሻ የነካውን ሰው ብቻ ከቀጣን የሚቀጥለው ሰው ያንኑ ማንሻ ይስባል፣ ያው ነገር ይደገማል።

ደግነቱ በዚህ ጉዳይ ቅጣት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ጉዳዩን ይዘው ለዲኤ42 ኮምፒውተሮች የራሳቸው መጠባበቂያ ባትሪ እንዲገጠም አደረጉ። ትንንሽ ባትሪዎች ናቸው። ጎማ አያጥፉም፣ መብራት አያበሩም፣ ሬዲዮ አያናግሩም። ሥራቸው አንድ ነው፤ የዋናው መስመር ኃይል ሲወርድ ኮምፒውተሩ እንዳይረሳ ማድረግ። ምጣዱ ቢሰካ ግቢው ሁሉ ይጨልም፣ አንጎሉ ግን የራሱ ሻማ አለው። ከአደጋው በፊት ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን አልተገጠመም ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ እኛም እንጠይቃለን።

ሌሎችም ከዚህ ዓይነት ችግር የተለየ መንገድ ቀይሰዋል። ሮታክስ የተባለው ሌላው የኦስትሪያ ሞተር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው 912 አይኤስ የተባለ ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኃይል አመንጪዎች አሉ። አንደኛው የሚያበላው የሞተሩን ኮምፒውተር፣ የነዳጅ ፓምፑንና ብልጭታውን ብቻ ነው፤ ሌላው የቀረውን አውሮፕላን ያበላል። የሞተሩ የራሱ አመንጪ ከታመመ ሁለተኛው ወደ ሞተሩ ይዞርለታል፣ ሬዲዮውና መብራቱ ደግሞ በባትሪ ይቆያሉ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ጭንቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚራበው ሬዲዮው ነው፣ ሞተሩ አይደለም። እናት ቤት ውስጥ ምግብ ሲያንስ ማን ቀድሞ እንደሚበላ የምትወስነው ዓይነት ውሳኔ ነው፤ እዚህ ግን የተወሰነው አስቀድሞ፣ በሥዕሉ ላይ ነው።

እናንተ የምትሳፈሩባቸው ትልልቅ ጄቶችስ? የእነሱም ሞተር በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው፤ ከትንንሾቹ ብዙ ቀድመው ነው የጀመሩት። እዚያ ግን ልማዱ የጸና ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ለኮምፒውተሩ የሚያመነጭ የራሱ ትንሽ አመንጪ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ የድሮው የማግኔቶ ሐሳብ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ በሉት። የካቢኑ መብራት፣ ሻይ ማፍያው፣ ፊታችሁ ያለው ስክሪን ቢጠፋ ሞተሩ አይሰማውም። ሌሊት ላይ መብራት ድንገት ድርግም ብሎ ልባችሁ ከደነገጠ ይህን አስታውሱ።

ይህ ማለት ግን በትልቁ ዓለም ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። «አራት አንጎል፣ አንድ ጉሮሮ» ስንል ከእናንተ መካከል ልባችሁ ወደ ቢሾፍቱ የሄደ ብዙ እንደምትኖሩ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 የ157 ሰው ሕይወት ይዞ ወደቀ። ያ ጉዳይ የሞተር አልነበረም፤ የአፍንጫውን አቅጣጫ በራሱ የሚያዝዝ ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ ያምን የነበረው ግን አንድ ጠቋሚን ብቻ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሁለት ጠቋሚ ይዞ ሳለ። ከዚያ በፊት በኢንዶኔዥያ 189 ሰው በዚያው ዓይነት አውሮፕላን አልቋል። ያኔም ምርመራው ሳይገባደድ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ ነበሩ፤ «ሥልጠናቸው» አሉ፣ «ልምዳቸው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቦይንግ ራሱ በቺካጎ ፍርድ ቤት ለበረራ 302 ሰለባዎች ሞት ኃላፊነቱን ተቀበለ። ሶፍትዌሩም ሁለቱን ጠቋሚዎች እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተሠራ። ሽፓየር ላይ ማንም ስላልሞተ ነገሩ በባለሙያዎች ክበብ ቀረ፤ ጥያቄው ግን ያው አንድ ጥያቄ ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ተነሥተው «ወደ ድሮው እንመለስ፣ ኮምፒውተር ይቅር» ይላሉ። አንስማማም። የድሮው ሞተር የራሱን ሰው ገድሏል፤ ካርቡራቶር ውስጥ በሚሠራ በረዶ፣ በተሳሳተ የነዳጅ ልክ፣ በደከመ ማግኔቶ። በእጅ ማጠብ ይሻል ነበር የምትል ሴት እጇ በሳሙና ያልተላጠ መሆን አለባት። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አንድን ሥራ ከሰው እጅ ወስዶ ለኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሰው ኤሌክትሪኩ የማይቋረጥበትን መንገድ አብሮ መስጠት አለበት፤ ያንን ሳይሰጥ መጽሐፍ ላይ «ተጠንቀቅ» ብሎ ጽፎ መሄድ አይችልም። ያ ጥንቃቄ ዋጋውን ከሠሪው ኪስ አውጥቶ በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ቲለርት እ.ኤ.አ. በ2008 ኪሳራ ገባ፤ ምክንያቱ ይህ አደጋ አልነበረም፣ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ዳይመንድ ደግሞ በኦስትሪያ የተሠራ ሌላ የናፍጣ ሞተር ለአውሮፕላኖቹ ገጠመ። ያ ሞተር ያለው ባለ አንድ ሞተሩ ዲኤ40 ኤንጂ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የማሠልጠኛ ተቋም የአብራሪ ተማሪዎች ከሚለማመዱባቸው አንዱ ነው። ከእናንተ ውስጥ ከዚህ በምትልኩት ገንዘብ ወንድሙን ወይም እህቱን የሚያስተምር አለ፤ ከልጆቹ አንዱ አንድ ቀን በዚያ በር ቢገባ የሚገረም የለም።

የሚቀመጠው ልጅ ፊት ለፊቱ አንድ ማንሻ ያገኛል። ከመነሣቱ በፊት የሚጫነው የመፈተሻ ቁልፍ አለ፤ ሲጫነው ኮምፒውተር «ሀ» ለ«ለ»፣ «ለ» ደግሞ መልሶ ለ«ሀ» ሥራውን ያስረክባል፣ ፕሮፔለሩ ድምፁን ለውጦ ይመለሳል። ድሮ በማግኔቶ ቁልፍ በጆሮ የሚሰማው ያ ፈተና ነው። ያ ቁልፍ ግን አንጎሎቹን እንጂ ባትሪውን አይመረምርም። ባትሪው የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፤ በቮልት መቁጠሪያው ላይ፣ ሞተሪኖው ሲዞር በሚሰማው ድምፅ፣ መካኒኩ በመዝገብ ላይ በሚጽፈው ቀን። መጠባበቂያዎቹ ትንንሽ ባትሪዎች ሥራ ሳይሠሩም ያረጃሉ፤ በየጊዜው ካልተቀየሩ እዚያ መኖራቸው ስም ብቻ ነው። የመቀየሪያ ቀናቸው ያለፈበትን አውሮፕላን ለተማሪ ቁልፉን አንሰጥም የሚል መካኒክ ካለ፣ በረራ ስላዘገየ ሊወቀስ አይገባውም።